ባለ ሁለት ሂጅራዋ አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)

የሐበሻው ሂጅራ በመስጊዶቻችንም ሆነ በየስብሰባው ሲወሳ ሦስት ስሞች ጎልተው ይሰማሉ። በንጉሡ ፊት ቆሞ የተናገረው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ ከቀዳሚዎቹ ጋር የወጣው ዑስማን ኢብኑ ዐፋን፣ እንዲሁም ፍትሕ አዋቂው ንጉሥ ነጃሺ። የሴቶቹ ተራ ሲደርስ ግን ተናጋሪው ይፈጥናል። ከነሚስቶቻቸው በምትል አንዲት ቃል አጠቃልሎ ያልፋቸዋል። ለመሆኑ እነዚህ በአንድ ቃል የታለፉት እነማን ነበሩ? ባሕሩን እንዴት ተሻገሩት? በባዕድ አገር እንዴት ወለዱ፣ እንዴት አሳደጉ? ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለሱስ ምን ተባሉ?

ዛሬ ከእነዚህ ሴቶች መካከል የአንዷን ሕይወት ለውድ አንባቢያን ላወሳ እወዳለሁ። አስማ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከስደት ስትመለስ የደከመችው ድካም ከሌሎች ድካም ያነሰ ነው ሲባል ዝም አላለችም። አቤቱታዋም በአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርቦ ፍርድ ተሰጥቶበታል። ያ ፍርድ እኛንም የሚመለከት ይመስለኛል።

ከመካ እስከ ባሕሩ ዳርቻ

አስማ የኸሥዐም ጎሳ ተወላጅ ነች። እናቷ ሂንድ ቢንት ዐውፍ ትባላለች። ይህች እናት ለኢስላም ታሪክ ያበረከተቻቸው ሴቶች ልጆች ብዙ ናቸው። በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት የሆነችው መይሙና፣ የአል-ዐባስ ባለቤት ኡሙል ፈድልና የሐምዛ ባለቤት ሰልማ ሁሉም የአስማ እህቶች ናቸው። አስማ ራሷ የነቢዩን የአጎት ልጅ ጀዕፈርን አገባች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአል-አርቀም ቤት ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱም ሰልመው ነበር። እንግዲህ አስማ ሙስሊሞች በጣት የሚቆጠሩ በነበሩበት ዘመን ያመነች ሴት ናት።

የቁረይሾች ግፍ ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸው ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ መከሩ። በነቢይነታቸው 5ኛ ዓመት፣ በረጀብ ወር፣ በ615 እ.ኤ.አ መሆኑ ነው፣ ወደ 15 የሚጠጉ ሰዎች ከመካ በድብቅ ወጡ። አራቱ ሴቶች ነበሩ። የነቢዩ ልጅ ሩቀያ፣ ኡሙ ሰላማ፣ ሰህላ ቢንት ሱሀይልና ለይላ ቢንት አቢ ሐሥማ። ከፊሎቹ በእግር፣ ከፊሎቹ በእንስሳ ተጉዘው ከጂዳ በስተደቡብ ወደምትገኘው ሹዐይባ ወደብ ደረሱ። ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች ዱካቸውን ተከትለው እስከ ባሕሩ ዳርቻ ሮጡ፤ ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል።

አስማና ጀዕፈር የተሰደዱት ከዚህ ቀጥሎ በወጣው ትልቁ ጓድ ውስጥ ነው። በዚህኛው የወንዶቹ ቁጥር ከ80 በላይ፣ የሴቶቹ 18 ገደማ እንደነበር የሲራ ጸሐፍት ይዘግባሉ። እስቲ ጉዞውን በዐይነ ኅሊናችን እንመልከተው። የመካ ሴት በረሃን ታውቃለች፤ ግመልን ታውቃለች። ባሕር ግን ለእርሷ ሌላ ዓለም ነው። ቀይ ባሕር በዳርቻው የተሸሸጉ የኮራል ዐለቶች የሞሉበት፣ በነፋስ ኃይል ለሚጓዝ መርከብ አደገኛ የሆነ ባሕር ነው። ከኋላዋ አሳዳጅ አለ። ከፊቷ ቋንቋውን የማታውቀው አገር አለ። ተመልሳ የምትገባበት ቀን አይታወቅም። በዚህ ሁኔታ መርከብ ላይ መውጣት ኢማን ከማለት በቀር ምን ይባላል?

በባዕድ አገር

አስማ በሐበሻ ምድር ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደች፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን። በእነዚህ ሁሉ ምጦች እናቷ ከአጠገቧ አልነበረችም። ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ ወልደዋል። ሰህላ ወንድ ልጇን ሙሐመድን፣ ኡሙ ሰላማ ልጇን ዘይነብን በሐበሻ ተገላገሉ። ኡሙ ኻሊድ የተባለች ሕፃንም በዚያው ተወልዳ አድጋ ነው ከወላጆቿ ጋር መዲና የገባችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ልብስ ባለበሷት ጊዜ ልብሱን ያደነቁላት በተወለደችበት አገር ቋንቋ ነበር። ቡኻሪ የዘገቡት ያ ቃል ለግዕዙ ሠናይ በጣም የቀረበ ነው። የአገሩ ቋንቋ በስደተኞቹ ልጆች አፍ ገብቶ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ቁረይሾች ግን ባሕር አልገደባቸውም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዐን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ። ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ጀዕፈር በንጉሡ ፊት ቆሞ የተናገረውን፣ ከሱረቱ መርየም ያነበበውን፣ ነጃሺም አልቅሰው ስጦታውን እንደመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ልብ የማንለው ግን አንድ ነገር አለ። ያን የችሎት ታሪክ በዝርዝር ያቆየችልን ኡሙ ሰላማ ናት። ስለ ነጃሺ ፍትሕ በኩራት የምንናገረው አብዛኛው ነገር የደረሰን በአንዲት ስደተኛ ሴት አንደበት ነው።

ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። በነጃሺ ላይ ዐመፅ ተነሳ። ንጉሡ ለሙስሊሞቹ መርከቦች አዘጋጁላቸው፤ ከተሸነፉ ወደፈለጉበት እንዲሄዱ፣ ካሸነፉ ግን እንዲቆዩ ነገሯቸው። ልጆች የያዙ ሴቶች እንደገና ባሕሩን እያዩ ዜና ጠበቁ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ነጃሺ አሸነፉ።

ከሴቶቹ ሁሉ ከባዱ ፈተና የደረሰባት ምናልባት ኡሙ ሐቢባ ሳትሆን አትቀርም። ባሏ ዑበይዱላህ ኢብኑ ጀሕሽ ሃይማኖቱን ለውጦ እዚያው እንደሞተ የሲራ ጸሐፍት ይዘግባሉ። አባቷ አቡ ሱፍያን በመካ የሙሽሪኮች አለቃ ነው። ወደ ባሏ እንዳትጠጋ ባል የለም፤ ወደ አባቷ እንዳትመለስ ዲኗን ልታጣ ነው። ከልጇ ጋር በእምነቷ ጸናች። በኋላም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ ጠየቋት፤ ኒካሑን ያስፈጸሙትና መህሩን ከራሳቸው የከፈሉት ነጃሺ ነበሩ። ሴቶቹ የተሰደዱት ባሎቻቸውን ተከትለው ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ኡሙ ሐቢባ መልስ ትሆነዋለች።

ከስደተኞቹ ከፊሎቹ ቀደም ብለው ወደ መካ ተመልሰው በ622 እ.ኤ.አ ከነቢዩ ጋር ወደ መዲና የመሰደድ ዕድል አግኝተዋል። አስማ ግን ቀረች። በድር፣ ኡሑድ፣ ኸንደቅ ሲሆኑ እርሷ ከባሕሩ ማዶ ልጆች እያሳደገች ነበር። የዲኗ መንግሥት ሲመሠረት አላየችም። ዜናውን የምትሰማው በመርከብ ከሚመጣ ሰው ነው። ከ10 ዓመት በላይ እንዲህ ኖረች።

የመርከቧ ሰዎች

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ628 እ.ኤ.አ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብኑ ኡመያን ልከው የቀሩትን አስጠሩ። ነጃሺ በሁለት መርከቦች ሸኟቸው። ከየመን ተነስተው ነፋስ ወደ ሐበሻ የወሰዳቸው አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ጓዶቹም ከእነርሱ ጋር አብረው ተጓዙ። የመዲና ወደብ በነበረችው በአል-ጃር ጠረፍ ወርደው ቀሪውን መንገድ በየብስ ቀጠሉ። ሲደርሱ ኸይበር ተከፍታ ነበር። ነቢዩ ጀዕፈርን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት፤ በኸይበር መከፈት ይሁን በጀዕፈር መምጣት ይበልጥ የተደሰቱት ለመለየት እንደቸገራቸው ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህ ሰዎች የመርከቧ ሰዎች ይባሉ ጀመር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስኩ። አንድ ቀን አስማ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሳን ልትጠይቅ ሄደች። እንደተቀመጡ የሐፍሳ አባት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ገባ። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ጠየቀ፤ ሐፍሳም ስሟን ነገረችው። ሐበሻዊቷ፣ የባሕሯ ሴት ይህች ናት እንዴ ብሎ ጠየቀ። አስማም አዎን አለች። ዑመር ቀጥሎ በሂጅራ እንደቀደሟቸው፣ ስለዚህም ለአላህ መልእክተኛ ከእነርሱ የቀረቡት እነርሱ እንደሆኑ ተናገረ።

አስማ ተቆጣች። በአላህ ምላ ነገሩ እንደዚያ አይደለም አለች። መዲና የነበሩት ከነቢዩ ጋር እንደነበሩ፣ የተራበው እንደሚበላ፣ ያላወቀው እንደሚማር አስታወሰችው። እነርሱ ግን በሩቅና በባዕድ ምድር፣ በሥጋትና በመከራ መኖራቸውን፣ ይህንም ያደረጉት ለአላህና ለመልእክተኛው ብለው መሆኑን ነገረችው። ከዚያም ጉዳዩን ለነቢዩ ሳትነግር እህልም ውሃም እንደማትቀምስ ማለች። ስትነግራቸውም እንደማትዋሽ፣ እንደማታጣምም፣ እንደማትጨምር አከለች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። የተባለውን ነገረቻቸው። እርሷ ምን ብላ እንደመለሰች ጠየቋት፤ ያንንም ነገረቻቸው። ፍርዱ አጭርና ግልጽ ነበር። ዑመር ከእርሷ ይልቅ ለነቢዩ የቀረበ እንዳልሆነ፣ ለእርሱና ለጓዶቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ተናገሩ። ይህ ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይታዩኛል። የመጀመሪያው፣ አስማ ባሌን ተከትዬ ሄድኩ አላለችም። ጀዕፈርን የመሰለ ስመ ጥር ባል እያላት ስሙን መከራከሪያ አላደረገችውም። የተሰደድነው ለአላህና ለመልእክተኛው ነው አለች፤ ነቢዩም ኒያዋን ተቀበሏት። ሁለተኛው፣ ቅሬታዋን ይዛ የሄደችው ወደሚመለከተው ነው። ሰፈር ለሰፈር አላወራችውም፤ ሳትጨምርና ሳታጎድል ለፍርድ አቀረበችው። ሦስተኛው ደግሞ የሰሙት ሰዎች ሁኔታ ነው። አቡ ሙሳና የመርከቧ ሰዎች ያን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየሆኑ ይመጡ ነበር። አቡ ሙሳማ ደግማ ደጋግማ እንድትነግረው ይጠይቃት ነበር። እነዚያ የባሕር መንገደኞች ድካማቸው በአላህ ዘንድ መቆጠሩን ያረጋገጡት በእርሷ በኩል ነው።

ዑመርም ቢሆን ቂም የያዘ ሰው አይደለም። በኋላ ኸሊፋ ሆኖ ለሙስሊሞች ድጎማ ሲመድብ ቀድመው ለተሰደዱ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 1000 ድርሃም ወስኗል፤ አስማም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። የታላላቅ ሰዎች ክርክር እንዲህ ነው፤ እውነቱ ሲለይ ሁሉም ይገባበታል።

ሊጡን እንዳቦካች

የመዲና ኑሮ ለአስማ ብዙም ሳይቆይ በሐዘን ተመታ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ629 እ.ኤ.አ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዛሬ ዮርዳኖስ በምትባለው አገር ወደምትገኘው ሙእታ 3000 ሰው ያለበት ጦር ላኩ። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ወደቀ፤ ባንዲራውን የተረከበው ጀዕፈርም ሸሂድ ሆነ።

በዚያ ቀን አስማ እንደማንኛዋም እናት ሥራ ላይ ነበረች። ሊጥ አቡክታለች፤ ልጆቿን አጥባ ቅባት ቀብታቸዋለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው የጀዕፈርን ልጆች አስጠሩ። አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። አስማ ስለ ጀዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቀች። ዛሬ መገደሉን ነገሯት። ጮኸች፤ ሴቶችም ተሰበሰቡ። ነቢዩ ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው ለጀዕፈር ቤት ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ የደረሰባቸው ነገር ከምግብ የሚያዘናጋ ነውና። ዛሬ በአገራችን ጎረቤት ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዞ ሲገባ ይህ ሱና በአስማ ቤት መታዘዙን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ነቢዩ ለጀዕፈር በተቆረጡት እጆቹ ፋንታ በጀነት የሚበርባቸው ሁለት ክንፎች እንደተሰጡት አበሰሯት። ስለ የቲሞቹም እንዳትሠጋ፣ በዱንያም በአኺራም ኃላፊያቸው እርሳቸው እንደሆኑ ነገሯት። ልጆቹ ዐይን ቶሎ ይይዛቸው ስለነበር ሩቅያ እንድታደርግላቸው ጠይቃ ፈቅደውላታል። ጠይቃ የምታውቅ እናት ነበረች።

ከሐበሻ ያመጣችው ዕውቀት

ከዚያ በኋላ አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) አገባት። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ632 እ.ኤ.አ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመሰናበቻው ሐጅ ሲወጡ አስማ ወሯ የገባ እርጉዝ ሆና አብራ ተነሳች። ዙል ሑለይፋ ላይ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክርን ወለደች። ምን ላድርግ ብላ ወደ ነቢዩ ላከች። ታጥባ፣ ጨርቅ አስራ፣ ኢሕራም እንድታደርግ አዘዟት። ዛሬ ወደ ሐጅ የምትሄድ ወላድ ወይም የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ኢሕራም ማድረግ እንደምትችል ፉቀሃዎች ሲያስረዱ ማስረጃቸው ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል።

በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ታመመች። የሴት ጀናዛ በላዩ ጨርቅ ብቻ ሲጣልበት ቅርጿ መታየቱን እንደምትጠላ ለአስማ አጫወተቻት። አስማም በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት። እርጥብ የተምር ዘንጎች አስመጥታ አጎበጠቻቸው፤ በላያቸውም ጨርቅ ጣለች። ፋጢማ በጣም ወደደችው። ስትሞትም በዚያ ዐይነት ቃሬዛ ተሸኘች፤ ካጠቧትም አንዷ አስማ ነበረች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። አስማ የስደት አገሯን በመራራ ትዝታ ብቻ አላሰበችውም። ያየችውን መልካም ነገር አጢና ይዛ መጥታ ለነቢዩ ልጅ ሐያእ መጠበቂያ አደረገችው።

አቡበክር በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ634 እ.ኤ.አ፣ ሲሞት ገላውን እርሷ እንድታጥበው ተናዝዞ ነበር። አደራውንም ፈጸመች። ቀኑ ብርድ ነበር፤ እርሷም ጾመኛ ነበረች። ስትጨርስ ገላዬን መታጠብ ግዴታ ይሆንብኛልን ብላ ሙሃጂሮችን ጠየቀች፤ የለብሽም አሏት።

የሁለት ሙሐመዶች እናት

በመጨረሻ የጀዕፈር ወንድም ዐሊ (ረ.ዐ) አገባት። ቤቱ ውስጥ የጀዕፈር ልጅ ሙሐመድና የአቡበክር ልጅ ሙሐመድ አብረው አደጉ። አንድ ቀን የእኔ አባት ይበልጣል፣ የእኔ ይበልጣል ተባባሉ። ዐሊ እናታቸው እንድትፈርድ ጠየቃት። ከዐረብ ወጣቶች ከጀዕፈር የተሻለ፣ ከሽማግሌዎችም ከአቡበክር የተሻለ አላየሁም ብላ ፈረደች። ዐሊም ለእኔ ምን አስቀረሽልኝ ብሎ ቀለደ። ከሦስት ታላላቅ ሰዎች ጋር ኖራ የአንዱንም ክብር ያልነካች ሴት ነበረች።

ፈተናዋ ግን አላበቃም። በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ658 እ.ኤ.አ፣ በዙል ሑለይፋ የወለደችው ሙሐመድ በሙስሊሞች መካከል በተነሳው ፊትና በግብጽ ተገደለ። መርዶው ሲደርሳት ወደ መስገጃዋ ገብታ ሐዘኗን ዋጥ እንዳደረገች ይወራል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልቆየችም። አላህ ሥራዋን ይውደድላት።

ያው ባሕር ዛሬ

አስማ የተሻገረችውን ባሕር ዛሬ የእኛ እህቶች በተቃራኒው አቅጣጫ ይሻገሩታል። ከፊሎቹ በአውሮፕላን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኤምሬቶች ይሄዳሉ። ከፊሎቹ ከጅቡቲው ኦቦክ ወይም ከሶማሊያው ቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ መንገድ ላይ የቀሩትን አላህ ይማራቸው። በ2013 እ.ኤ.አ መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው ስትመልስ ከአውሮፕላኑ የወረዱትን እህቶች ሁላችንም አይተናል።

የእነዚህ እህቶች ጉዞ ከሶሐቦች ሂጅራ ጋር እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ሂጅራ የዲን ጉዳይ ነው፤ ኒያን የሚያውቀውም አላህ ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አቀባበላችን ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰችን ሴት መጀመሪያ የምንጠይቃት ስንት ይዘሽ መጣሽ ብለን ነው። ባዶ እጇን ከመጣች እናፍራለን። ደህና ይዛ ከመጣች ደግሞ በምን አገኘችው እያልን እናማታለን። ወንድሟን ያስተማረችው፣ የአባቷን ቤት ክዳን ያሳደሰችው፣ በሰው አገር ረመዳንን ለብቻዋ የጾመችው ከቁጥር አይገባላትም። እኛ አገራችን ቁጭ ብለን ቀደምንሽ እንላታለን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከባሕር የመጣችውን ሴት መጀመሪያ አዳመጧት። የተባለችውን ጠየቋት፤ የመለሰችውንም ጠየቋት። ከዚያ የደከመችውን ድካም ከነቁጥሩ አስቀመጡላት። ከእኛስ ስንቱ ነው የተመለሰች እህቱን ቁጭ አድርጎ ያዳመጠ? በመድረሳዎቻችንስ ሴት ልጆቻችን የሩቀያን፣ የኡሙ ሰላማን፣ የኡሙ ሐቢባን፣ የአስማን ስም ለይተው እንዲያውቁ የሚያስተምር ስንቱ ነው? ነጃሺ በዚህ አገር መንገሣቸው የሚያኮራን ከሆነ፣ በዚህ አገር ያማጡትንና ያሳደጉትን እናቶች ስም ማወቅም ይገባናል።

አላህ (ሱ.ወ) ከእነዚያ የባሕር መንገደኞች ጋር በጀነት ይሰብስበን። በባዕድ አገር ያሉ እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ሲመለሱም እንደ ነቢዩ ሰምተን የምንቀበላቸው ያድርገን። አሚን።